በሞቴ የማይል ሐኪም

ነዳጅ የረከሰ ሰሞን ካልጋሪ ውስጥ ሁለት ነገር ተትረፈረፈ፤ ሥራ ፈትና ሐኪም። ሁለቱም አንድ ሰው መሆናቸውን የተረዳሁት ግን እጄ መላጥ ሲጀምር ነው።

እኔ የቧንቧ ያርድ ውስጥ ነበር የምሠራው። ለነዳጅ ማስተላለፊያ የሚሆን የብረት ቧንቧ የተከመረበት ሰፊ ግቢ ማለት ነው። በፎርክሊፍት አንዱን ቧንቧ ከዚህ አንሥቼ እዚያ አስቀምጣለሁ፤ በማግሥቱ ከዚያ አንሥቼ እዚህ እመልሳለሁ። ነዳጁ ውድ በነበረ ጊዜ ይህ ትልቅ ሥራ ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ሱፐርቫይዘሩ ቢሮው ጠራኝና «አንተ እኮ በጣም ጥሩ ሠራተኛ ነህ» አለኝ። ካናዳ ውስጥ አለቃህ ሰኞ ጠዋት ካመሰገነህ ኮትህን ፈልግ። እኔም ኮቴን ይዤ ወጣሁ።

ቆዳዬ ድሮም ሰላም አልነበረውም። ክርኔ ላይ እንደ ቅርፊት ያለች ነገር ነበረች፤ ረጅም እጅጌ እየለበስኩ አብረን ስንኖር ኖረናል። ፋሚሊ ዶክተሬ ስሙ ሶራያሲስ ነው ብሎኛል። ስሙን መጀመሪያ ስሰማው ከናቡከደነፆር ቀጥሎ የነገሠ ንጉሥ ነበር የመሰለኝ፤ አልተሳሳትኩም። ሌይ ኦፍ ተደርጌ ከሥራ በተቀነስኩ በወሩ ከክርኔ ተነሥቶ እስከ ጣቶቼ ድረስ ገዛ። መዳፌ ተሰነጠቀ፣ የእጄ ጀርባ ቀላ፣ ከዚያ ነጭ ቅርፊት ያራግፍ ጀመር። የካልጋሪን አየር ታውቁታላችሁ፤ ዳቦ ከፌስታሉ ወጥቶ አፍ እስኪደርስ ይደርቃል። እኔን እንዴት ይማረኝ? ባለቤቴ ሮማን ቫክዩም ይዛ ከኋላ ከኋላዬ ትዞር ገባች። «ከውጭ የሚገባው በረዶ አልበቃ ብሎኝ!» ትላለች።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር፤ መቻል እንደሆነ እናውቅበታለን። ያልቻልኩት ሌላ ነው። በዊንተሩ መሀል ሜሮን ወለደች። ሜሮን አንድ ልጄ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች፣ ሳቫና የሚባል ሰፈር አዲስ ቤት የገዛች። ሕፃኗን ሶልያና አሏት። አራሷን የሚያርሱት የባሏ እናት እትዬ ለተብርሃን ናቸው። እትዬ ለተ ኤርትራዊት ናቸው፤ አማርኛን አስመራ ላይ የተማሩት አለንጋ ከያዘ መምህር ስለሆነ ከኔ አማርኛ የሳቸው ይጠራል። ሲገሥጹኝ እንኳ አራት ነጥቡ ይሰማኛል።

ልጅቱን ለማየት የሄድን ቀን፣ ያመጣነውን ዕቃ ሳሎን አስቀምጬ፣ ኮቴን ሳላወልቅ እጄን ዘረጋሁ። አያት የሆነ ያውቀዋል፤ እጅ ራሱ ነው የሚዘረጋው። እትዬ ለተ ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልለው ታቅፈው ነበርና አንድ እርምጃ ወደኋላ አሉ።

«እጅዎ ምን ሆነ?»

«ቆዳ ነው፤ የቆየ ነው።»

«የሚጋባ ነው?»

«ኧረ አይጋባም! ዶክተሬ ነግሮኛል።»

«ዶክተር ብዙ ይናገራል። እስኪድን ድረስ ልጅቱን ባይነኳት ይሻላል። ለርስዎም ለሷም።»

ሜሮንን አየኋት። እንቅልፍ ያጣች አራስ ናት፤ ምንጣፉን አየች። ሮማን አፏን ከፈተች፣ ከዚያ በይሉኝታ መልሳ ዘጋችው፤ በአራስ ቤት ከልጅ አማት ጋር አይጣሉም። እኔ ሁለት እጆቼን ኮት ኪሴ ውስጥ ከትቼ የልጅ ልጄን እንደ ሱቅ ዕቃ ከሩቅ አይቼ ተመለስኩ። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ የመስታወቱን በረዶ የምጠርግ መስዬ ወርጄ ዓይኔን ጠረግኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ፍለጋም፣ ነዳጅም ከጭንቅላቴ ወጣ። እጄ ይዳንልኝና ሶልያናን ልቀፋት፤ ሌላ ምንም አላማረኝም።

ዋይትሆርን ባቡር ጣቢያው አጠገብ አንድ ዶናት ቤት አለች። በደጉ ዘመን የኛን ሰው እዚያ የምታገኘው ቡና ይዞ ሲሮጥ ብቻ ነበር፤ ሰላምታውን እንኳ በመኪና መስኮት ነው የሚሰጥህ። ነዳጅ ሲወድቅ ያ ሁሉ ሰው መጥቶ ተቀመጠ። ሥራ እያለው እንዴት ነህ ለማለት ጊዜ ያልነበረው ሰው፣ ሥራ ሲያጣ ጉበትህን ሳይቀር ይመረምራል። የዶናት ቤቷ ዋና ሐኪም ጋሼ ሙሉጌታ ነበሩ፤ የፓይፕላይን ኢንጂነር፣ እንደኔው ቤት የዋሉ።

«አምጣ እስቲ እጅህን» አሉኝ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አገላበጡት። «ይሄ ኮሮዥን ነው።»

«ምን አሉኝ ጋሼ?»

«ዝገት ነዋ! ዝገት ከውስጥ ነው የሚነሣው። ከላይ ቀለም ብትቀባው ዋጋ የለውም። አፕል ቪኔጋር ጠጣ፤ ቱቦውን ያጥብልሃል።»

ሌላው ሥጋ ተው አለኝ። ከሱ አጠገብ ያለው ሥጋ ብቻ ብላ አለኝ። ሁለቱም ኢንተርኔት ላይ አይተው ነው፤ እኔን ትተው እርስ በርስ ተከራከሩ። አንዱ ደግሞ ዓይን ነው አለ። ሥራ የሌለው፣ መኪናው የተላላጠ፣ እጁ ከመኪናው የባሰ ሰው ማን ዓይኑን ይጥልበታል ብዬ ብጠይቀው፣ «ምናልባት የቆየ ይሆናል» አለኝ።

ቪኔጋሩን ጠጣሁ። እጄ እንደነበረ ቀረ፤ ጨጓራዬ ግን አዲስ በሽታ አተረፈ። ጋሼ ሙሉጌታ ይህን ስነግራቸው ደስ አላቸው። «አየህ? መውጣት ጀምሯል!»

ቀጥሎ ተራው የሮማን ሆነ። የኛ ሰው ፌጦ የማያድነው በሽታ የለም ይላል፤ ያላዳነው ሰው ካለም ቆሞ ሊመሰክር አልተረፈም መሰለኝ። ሮማን ፌጦውን ከነጭ ሽንኩርትና ከሎሚ ጋር ወቀጠችና እጆቼን ለውሳ በፕላስቲክ ጠቀለለቻቸው።

«ሮማን፣ ያቃጥላል።»

«ካላቃጠለማ ምኑን መድኃኒት ሆነ?»

«ኧረ እየጨሰ ነው!»

«እየሠራ ነው። ወንድ አይደለህም እንዴ?»

ወንድነቴ ፕላስቲኩ ውስጥ እየበሰለ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ሮማን በስፒከር ከፈተችልኝ። ስንት ማመልከቻ ልኬበት ድምፁን ያጠፋ አንድ መጋዘን፣ ዛሬ ከሰዓት ለኢንተርቪው መምጣት ትችላለህ ወይ ይለኛል። ዕድል ለካ ነጭ ሽንኩርት ያሸታል። እጄን በሳሙና ታጠብኩ፣ በሎሚ ታጠብኩ፣ በጥርስ ሳሙና ሳይቀር ታጠብኩ። ሽታው ግን አብሮኝ ሥራ ሊቀጠር ቆርጦ ተነሥቷል። ማናጀሩ ቢሮ ገብቼ ገና ሳልቀመጥ፣ ሰውዬው ብድግ ብሎ መስኮት ከፈተ። ውጭ ምራቅ መሬት ሳይደርስ በረዶ የሚሆንበት ብርድ ነው! ከዚያ ለሰላምታ እጁን ዘረጋ። የኔ እጅ እንደ በርበሬ ቀልቷል። ምን ላድርግ? ግራ ቢገባኝ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ በአገራችን ደንብ ጎንበስ አልኩ። ሰውዬው ሃይማኖቴ መሰለውና እሱም ጎንበስ አለ። አክብሮት እንዳይጓደል እኔ ደግሞ ዝቅ አልኩ፣ እሱም ዝቅ አለ። ቡራኬ ተቀባብለን ተለያየን፤ ሥራውን ሌላ ሰው ወሰደው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ፋሚሊ ዶክተሬ የጻፈልኝ ሪፈራል ወረፋ እየጠበቀ ነበር። የቆዳ ስፔሻሊስት ማግኘት ካልጋሪ ውስጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ከፊሉ በሽተኛ ድኖ፣ ከፊሉ ረስቶት ነው ቀኑ የሚደርሰው። በመጨረሻ ቀጠሮው መጣ። ሮማን ዋዜማውን እንደ ሠርግ ተዘጋጀችበት።

«እንዲህ ተላልጠህ ሐኪም ፊት ልትቀርብ? ሚስት የለውም እንዲሉህ?»

ሙቅ ውኃ ውስጥ ዘፈዘፈችኝ። ቅርፊቱን በስፖንጅ ፈግፍጋ አነሣች፤ ቫዝሊኑን በላይ በላዩ ለቀለቀችው። ጠዋት ላይ ለሜሮን ሠርግ የተገዛውን ሱፍ አለበሰችኝ፣ ከረባቱን አሰረችልኝ፣ ሽቶ ረጨችብኝ። እጄ የሚኒስትር እጅ ሆነ። ራሴን በመስታወት ሳየው ለመታከም ሳይሆን ክሊኒኩን ለመመረቅ የምሄድ ነበር የምመስለው።

ዶክተሯ ደስ የምትል ሴት ናት። «ሃው አር ዩ ቱደይ?» አለችኝ።

አሁን ከመፍረዳችሁ በፊት አስተዳደጋችንን አስቡልኝ። ሰው ቤት ሄደህ ምግብ ሲቀርብ፣ አንጀትህ እየጮኸ «በልቼ ነው የመጣሁት» ትላለህ። ባለቤቲቱ «በሞቴ!» ትልሃለች። «ኧረ ጠግቤያለሁ» ትላለህ። «አፈር ስሆን!» ስትል ያን ጊዜ ለሷ ስትል ትበላለህ። ሕመምም እንደዚሁ ነው። እንዴት ነህ? ደህና። ቤተሰብስ? እግዚአብሔር ይመስገን። ጤናስ? ተመስገን ነው። ይህ ሁሉ አልቆ ወንበር ጠጋ ጠጋ ሲደረግ ነው፣ «ኧረ ይቺ ወገቤ እንኳ ትንሽ...» የሚባለው። እንደ ገባህ የምትዘረግፈው ሕመም ነውር ነው።

ስለዚህ «ቬሪ ፋይን፣ ታንክ ጋድ» አልኩና «በሞቴ» እስክትለኝ ጠበቅኩ። የካናዳ ሐኪም ግን በሞቴ አትልም። «ግሬት!» ብላ ኮምፒውተሯ ላይ ጻፈች።

እጄን አገላብጣ አየች። ያበራል። ማታ ያሳክክሃል ወይ አለችኝ። እስኪነጋ ድረስ እንደ ውሻ የማክ ሰውዬ፣ «ትንሽ ትንሽ» አልኩ። እንቅልፍ ይነሣሃል? «ኖ፣ ኖ።» ሌላ ቦታስ አለ? ክርንህን፣ ጉልበትህን ልይ? ሴት ልጅ ፊት ሱሪ ላወልቅ ነው እንግዲህ! «ሁሉም ያው ነው፣ አትድከሚ» አልኳት። እንዲያውም የደከማት መስሎኝ ልጆች አሏት ወይ፣ ደህና ናቸው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ልጆቿ ደህና ናቸው። ሳቅ ብላ ማይልድ ነው፣ ቀላል ነው፣ የሚያለሰልስ ክሬም ተቀባ፣ መምጣት አያስፈልግህም ብላ አሰናበተችኝ። ያን ሁሉ ወራት የጠበቅሁት ቀጠሮ ከረባቴን ለማሰር ከፈጀው ጊዜ አጠረ።

ሜሮን በስልክ፣ «አባዬ፣ ምን አልካት?» አለችኝ።

«ደህና ነኝ አልኳት።»

«ዋይ?!»

«ታዲያ ምን ልበላት? ገና ሳንተዋወቅ?»

«አባዬ፣ ሺ ኢዝ ኤ ዶክተር! እዚያ የሚኬደው፣ ላይክ፣ ደህና ስላልሆንክ ነው!»

ስልኩን ዘግታ ፋሚሊ ዶክተሬ ጋ ደወለች፣ አጣድፋ ሌላ ሪፈራል አስጻፈች፣ ሰው ከቀጠሮ ሲቀር የሚጠሩት ካንስሌሽን ሊስት ላይ አስገባችኝ። የጠሩኝ ቆዳዬ በባሰበት ሳምንት ነው። ሜሮን መኪና ይዛ መጣችና በር ላይ ቆማ አዋጅ አስነገረች፤ «ኖ ሻወር! ኖ ቫዝሊን! አጭር እጅጌ፣ አጭር ሱሪ!»

ሮማን ራሷን ያዘች። «ባሌን ለማኝ አድርገሽ ልትወስጂው ነው?»

«እማዬ፣ ትረስት ሚ።»

መንገድ ላይ በየትራፊክ መብራቱ አለማመደችኝ። «ሃው አር ዩ?» ትለኛለች። «ፋይ—» ስል፣ «አባዬ!» ትጮኻለች። ከኋላ ያለው መኪና ክላክሱን ይነፋል። «እንደገና። ሃው አር ዩ?» «ኖት... ኖት ሶ...» ማማረር እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። ስለ መንግሥት ሲሆን ያለ አስተማሪ እችላለሁ።

ዶክተሯ ያቺው ናት። እጄን፣ ክርኔን፣ ጉልበቴን አየችና ወንበሯን ሳበች። ባለፈው ይህ ሁሉ የት ነበር ብትለኝ ሜሮን፣ «ቫዝሊን ስር» ብላ መለሰችልኝ። ከዚያ ዶክተሯ ያልተለማመድኩትን ጠየቀችኝ። ይህ በሽታ ምን ምን ከማድረግ ከለከለህ?

ናቲንግ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሜሮን ክንዴን ያዘችኝ። እንግሊዝኛዬ ሁሉ ጠፋብኝ። «ግራንድ ዶተር አለችኝ» አልኩ። «ይዣት አላውቅም።» ሜሮን ማልቀስ ጀመረች፤ «አይ አም ሶሪ አባዬ፣ ያን ቀን መናገር ነበረብኝ» ትላለች። ዶክተሯ ጓንቷን አወለቀችና የተላላጠውን እጄን በባዶ እጇ ጨበጠችው። ይህ ነገር አይጋባም፣ ዛሬውኑ እቀፋት አለችኝ።

ሜሮን በዚያው ወደ ሳቫና ልታዞር ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። «እትዬ ለተ ቅር ይላቸዋል፤ በኔ ሰበብ ቤትሽ እንዳይረበሽ። ድኜ እመጣለሁ» አልኳት። እዚህ ላይ ሞኝ ብትሉኝ አልቀየማችሁም።

ዶክተሯ አልዋሸችኝም፤ ጨርሶ አይድንም፣ ይገራል አለችኝ። ቅባት ሰጠችኝ፣ ከዚያ በሳምንት ሦስቴ ወደ መብራት ሕክምና ላከችኝ። ግድግዳው ሁሉ ረጃጅም አምፑል የሆነ ቁም ሳጥን ነው። ልብስህን አውልቀህ፣ ጥቁር መነጽር አድርገህ፣ በሩ ይዘጋብሃል። አንድ ካልሲም ይፈቀዳል፤ ካልሲው እግሬ ላይ እንዳልነበረ ብቻ ልንገራችሁና እንለፈው። ጋሼ ሙሉጌታ ሲሰሙ፣ «ሰው እንደ ዶሮ በመብራት ይጠበሳል እንዴ?» አሉ። ሆኖም ሌላ ቀን ለብቻዬ ጠርተውኝ፣ ለጉልበት ይሆን ወይ ብለው በሹክሹክታ ጠይቀውኛል።

ቅርፊቱ ቀስ በቀስ ሸሸ። መጀመሪያ መዳፌ ገጠመ፣ ከዚያ ጣቶቼ ጠሩ። በጋው ሊያልቅ ሲል የእጄን ጀርባ ሳየው ራሴን ሰላም ልለው አማረኝ። ሮማን ቫክዩሟን ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችው። መብራቱ ውስጥ በቆምኩ ቁጥር ደግሞ ለእትዬ ለተ የምናገራትን አንዲት ነገር እለማመድ ነበር። በጨዋ ደንብ የተጠቀለለች ስድብ ናት፤ «እጅስ በመብራት ዳነ፤ ለሰው ልብ ግን መብራቱ አልተሠራም» የምትል። ተናግሬ ስጨርስ በሩን ዘግቼ ስወጣ ሁሉ ይታየኝ ነበር።

ሳቫና ሄድኩ። ሜሮን በሩን ከፈተችልኝ፤ ሶልያና ሳሎን ተቀምጣ ትጫወታለች። እትዬ ለተ እጄን ተቀብለው ገልብጠው መዳፌን፣ መልሰው ጀርባውን አዩ። ብዙ ቆዩበት። ከዚያ ልጅቱን አንሥተው ሰጡኝ።

ከበደችኝ! ጨቅላ እያለች ያላቀፍኳት ልጅ ጥርስ አውጥታ ነው እጄ የገባችው። አገጬን ያዘች፣ ጺሜን ጎተተች፣ ጣቴን አፏ ከተተች። ሮጬ ልጩህ፣ ተቀምጬ ላልቅስ ምርጫው ጠፋኝ። ሜሮን ዳይፐር ልታመጣ ፎቅ ወጣች። ስድቤ ጉሮሮዬ ላይ ተሰልፋለች፤ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

እትዬ ለተ ግን ቀደሙኝ። ወደ ደረጃው አየት አደረጉና፣ «መብራቱ ያቃጥላል?» አሉኝ።

«ምኑ?»

የቀሚሳቸውን እጅጌ እስከ ክርናቸው ሰበሰቡት። የኔ ከሳቸው ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም። ከአንጓቸው እስከ ክርናቸው ቀልቶ፣ ተሰንጥቆ፣ ቅርፊት ደራርቦበታል።

«ልጄ በሆዴ ሳለ ነው የጀመረኝ» አሉ። «ለሱም አላሳየሁት፣ ለሐኪምም አላሳየሁት። ይቺን ልጅ ያለ ጋቢ አቅፌያት አላውቅም። ያን ቀን እጅዎን ሳየው የኔው መሰለኝ፤ ደነገጥኩ። የተቆጣሁት በርስዎ አልነበረም።»

ያን ያህል የተለማመድኳት ነገር ከጉሮሮዬ ወርዳ የት እንደገባች አላውቅም። ተነሥቼ ሶልያናን ይዤ ሄድኩላቸው።

«ይያዟት።»

«ጋቢውን ላምጣ።»

«ያለ ጋቢ።»

«ኧረ ተዉ! እስኪድንልኝ ድረስ...»

«እትዬ ለተ፣ እኔ እስኪድን ብዬ ወራት ጠበቅኩ፤ የቀረብኝ ልጅቱ ናት። ይያዟት!»

ባዶ ክንዳቸው ላይ አስቀመጥኳት። እንደ ትኩስ ድስት ከሰውነታቸው አርቀው ያዟት፣ ትንፋሻቸውን ዋጥ አደረጉ። ሶልያና ዞር ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ ጉንጯን ቅርፊቱ ላይ ጣል አድርጋ አውራ ጣቷን ጎረሰች። እትዬ ለተ ቀስ ብለው ወደ ደረታቸው አስጠጓት፣ በትግርኛ የሆነ ነገር አሏት፣ እንባቸው በአገጫቸው ወርዶ ልጅቱ ፀጉር ላይ ጠብ አለ። ሜሮን ዳይፐሩን ይዛ ስትወርድ ደረጃው ላይ ቀጥ ብላ ቀረች።

እኔ ደግሞ እስኪበቃቸው ቆሜ ጠበቅኩ። ተራዬ እንዲደርሰኝ እጄን ዘረጋሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፣ ሰዓቴን አየሁ። ሰውም ዕቃም አልመሰልኳቸውም። ቢመሽም ተራዬ አልደረሰ፤ ባዶ እጄን ወጣሁ። አሁን የእትዬ ለተን የሐኪም ቀጠሮ እየጠበቅን ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳቫና እሄዳለሁ፣ ልጅቱንም ከክንዳቸው የሚያስለቅቅልኝ ሰው አጥቼ እመለሳለሁ።